የታመመ ልጅ አጥንት በምን ይጸናል?

አጥንት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ ደረቅ እንጨት ወይም እንደ ድንጋይ ያለ፣ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ የማይለወጥ ነገር ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አጥንት ሕያው አካል ነው፤ ደም ይዞርበታል፤ ሌት ተቀን ይፈርሳል፤ ሌት ተቀንም ይሠራል። በውስጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንደኞቹ ያረጀውን የሚያፈርሱ፣ ሁለተኞቹ በፈረሰው ቦታ አዲስ የሚገነቡ ሕዋሳት ናቸው። በጤናማ ልጅ ገንቢዎቹ ከአፍራሾቹ ይበልጣሉና አጥንቱ ይረዝማል፣ ይወፍራል፣ ይጠነክራል። አፍራሾቹ የበረቱ እንደሆነ ግን ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይመስለው አጥንት ምስጥ እንደ በላው ምሰሶ ውስጥ ውስጡን ይቦረቦራል።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ጥያቄ ነው። እዚህ ወልቂጤ ቀን በጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ውሎ ማታ የሚማር አንድ ወጣት ከትምህርት በኋላ ቀርቦ፣ «መምህር፣ ታናሽ ወንድሜን ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ማመም ከጀመረው ዓመት አለፈው። የሚወስደው ኪኒን አጥንት ያሳሳል ይሉናል። አጥንት የሚያጠነክር ሌላ መድኃኒት አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አዲስ አበባ ወርጄ ልግዛለትን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ የሳይንስ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ግዛ ወይም አትግዛ ማለትም የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ስላወቅሁ፣ ነገሩን ከሥሩ አጥንቼ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ማቅረቡ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። በአገራችን ቁርጥማት ወይም ሪህ የሽማግሌዎች ዕጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ1897 በለንደን የመረመራቸውን 22 ሕፃናት ታሪክ አውጥቶ፣ ልጆችም የራሳቸው የሆነ የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳላቸው አስረዳ። ዛሬ ሐኪሞች የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት የሚሉት ከ16 ዓመት በፊት የሚጀምረውን፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የሚቆየውንና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለትን እብጠት ነው። ሰውነትን ከበሽታ እንዲጠብቅ የተፈጠረው ኀይል ተሳስቶ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ይወጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1,000 ልጆች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይነገራል።

የበሽታው ዋና ምልክት የጧት መተሳሰር ነው። ልጁ ከመኝታው ሲነሣ ጉልበቱ አልታጠፍ፣ እጁ አልጨበጥ ይለዋል፤ ረፋዱ ላይ ይፍታታል፤ ከሰዓት በኋላም ከጓደኞቹ ጋር ሊሮጥ ይችላል። እንግዲህ አስተማሪውም ሆነ ወላጁ ይህን ሲያይ ምን ይላል? «ለትምህርት ሲሆን ያነክሳል፣ ለጨዋታ ሲሆን ይሮጣል፤ ይህ ስንፍና ነው» ይላል። ልጁም መቀጣትን ፈርቶ ሕመሙን ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል በእርሱ ላይ የሚፈጸመው በገዛ ፈቃዱ ሳይሆን፣ እኛ ትልልቆቹ ስላላመንነው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ያበጠ መገጣጠሚያ ሁሉ ይኸው በሽታ ነው ማለት አይደለም። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣውና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው የቁርጥማት ትኩሳት ልብን የሚጎዳ ብርቱ ጠላት ነው። የአጥንት ሳንባ ነቀርሳም አለ። መግል የቋጠረ መገጣጠሚያም አለ፤ ይህ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕክምና የሚሻ ነው። እነዚህን ሊለይ የሚችለው ሐኪም ብቻ ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ እንመለስ። መገጣጠሚያው የታመመ ልጅ አጥንቱ ለምን ይሳሳል? ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንደኛ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚነደው ብግነት ወደ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች አፍራሾቹን ሕዋሳት ለሥራ ይቀሰቅሷቸዋል። ሁለተኛ፣ ያመመው ልጅ አይሮጥም፣ አይዘልም፤ ሸክም ያልቀመሰ አጥንት ደግሞ እንደማይሠራበት ጡንቻ ይመነምናል። ሦስተኛ፣ ሕመምተኛ ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ከቤትም ስለማይወጣ ፀሐይ አያገኝም። አራተኛው ምክንያት ራሱ መድኃኒቱ ነው።

ይህ አራተኛው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች ኮርቲዞን የተባለውን ንጥረ ነገር በቁርጥማት ከአልጋ ለተጣበቀች አንዲት ወጣት ሴት ሰጡ። በጥቂት ቀኖች ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ዓለም ተደነቀ፤ ሄንችም ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር በ1950 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ግን ብዙ ሳይቆይ የመድኃኒቱ ሌላው ፊት ተገለጠ። ለረጅም ጊዜ በብዛት የወሰዱት ሰዎች ፊታቸው ተነፋ፤ የልጆች ቁመት ባለበት ቆመ፤ አጥንትም ሳሳ። ኮርቲዞንና የእርሱ ወገን የሆነው ፕሬድኒሶሎን አጥንት ገንቢዎቹን ሕዋሳት ያደክማሉ፤ ካልሲየም የተባለው ማዕድን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባም ያሰናክላሉ።

ስለዚህ ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች በተቻለ መጠን ለአጭር ጊዜና በትንሽ መጠን ይሰጣሉ፤ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ከሆነም እዚያው ላይ ይወጋሉ። ለረጅሙ ጊዜ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለውን፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ይመርጣሉ። ከእርሱም የበለጡ አዳዲስ መርፌዎች ወጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ። አንዱ፣ ሕመሙን ቶሎ ስለሚያስታግስ ብቻ ፕሬድኒሶሎንን ወይም ዴክሳሜታዞንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለልጅ መስጠት ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «አጥንት ያሳሳል» የሚል ወሬ ሰምቶ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ማቋረጥ። ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ልጅ ሰውነቱ የራሱን ኮርቲዞል መሥራት ስለሚተው፣ በድንገት ቢቋረጥበት ሕይወቱ እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል። መቀነሱ በሐኪም እጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

እንግዲህ አጥንት የሚያጠነክረው መድኃኒት የተባለው የቱ ነው? ስሙ ቢስፎስፎኔት ይባላል፤ ይህም የአንድ መድኃኒት ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። አመጣጡ የሚያስገርም ነው። ውሃ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ብትመለከቱ፣ ከጊዜ ብዛት ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበት ታያላችሁ። ፋብሪካዎችም ይኸው ቅርፊት ቧንቧቸውን ይዘጋባቸው ነበርና እርሱን የሚከለክል ንጥረ ነገር ይጠቀሙ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሄርበርት ፍላይሽ የተባሉ የስዊስ ሳይንቲስት ከጓደኞቻቸው ጋር የዚሁ ዘመድ የሆነው ንጥረ ነገር በአጥንት ላይ ምን እንደሚያደርግ መረመሩ። በ1969 ያወጡት ውጤት፣ ንጥረ ነገሩ በአጥንት ላይ ተለጥፎ አፍራሾቹን ሕዋሳት ከሥራቸው እንደሚያግድ የሚያስረዳ ነበር። ቤት አፍራሾቹን በር ላይ የሚያስቆም ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱ በመጀመሪያ በአብዛኛው የሚሰጠው ለአዋቂዎች ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ግን በካናዳ ሞንትሪያል ዶክተር ፍራንሲስ ግሎሪዩና ባልደረቦቻቸው፣ ከልደታቸው ጀምሮ አጥንታቸው እንደ ሸክላ የሚሰበር 30 ልጆችን ፓሚድሮኔት በተባለው ዓይነት አክመው ስብራታቸው መቀነሱንና ሕመማቸው መታገሡን አስታወቁ። በ2000 ደግሞ በጣሊያን በመገጣጠሚያና በመሰል ሕመሞች ምክንያት አጥንታቸው የሳሳ 38 ልጆች አሌንድሮኔት የተባለውን ሲወስዱ፣ የአጥንታቸው ጥግግት በአንድ ዓመት 15 በመቶ ያህል ጨመረ።

ታዲያ ለሁሉም ልጅ ለምን አይታደልም? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በልጆች ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች አሰባስበው የመዘኑ ሐኪሞች፣ መድኃኒቱ የአጥንትን ጥግግት እንደሚጨምር ቢያዩም፣ በሌላ በሽታ ምክንያት አጥንታቸው ለሳሳ ልጆች ሁሉ እንደ ተለመደ ሕክምና እንዲሰጥ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። ጥግግት ጨመረ ማለትና ስብራት ቀረ ማለት አንድ አይደለምና። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ከገባ ለዓመታት አይወጣም፤ የሚያድግ ልጅ አጥንት ደግሞ መገንባት ብቻ ሳይሆን መፍረስም ያስፈልገዋል። ሴት ልጅ ከሆነች አድጋ ስትወልድ ምን ይሆናል የሚለውም ከወዲሁ ይታሰባል። ስለዚህ ልዩ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት የሚያዙት በአብዛኛው አጥንቱ በእርግጥ መሰበር ለጀመረ ልጅ ነው፤ ይኸውም ሳይወድቅ የጀርባ አጥንቱ ለተደረመሰ፣ ወይም በቀላል ነገር እጅና እግሩ ደጋግሞ ለሚሰበር። የአጥንትን ጥግግት የሚለካው መሣሪያም በአገራችን በየሆስፒታሉ አይገኝም። በቤት በኩል ሊጤን የሚገባው ምልክት ግን አለ፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ልጅ ጀርባዬን አመመኝ ካለ ወይም ቁመቱ ያጠረ ከመሰለ ነገሩ ቸል የሚባል አይደለም።

የታዘዘለት ልጅም ደንብ አለው። ኪኒኑ የሚዋጠው ጧት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ከወተት ጋር ከሆነ ግን ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ከዋጠ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁጭ ማለት ወይም መቆም አለበት፤ ከተኛ የምግብ ቧንቧውን ያቆስለዋል። በደም ሥር የሚሰጠው ዓይነት መጀመሪያ በተሰጠ ጊዜ ትኩሳትና የሰውነት ሕመም ሊያመጣ ይችላል። አስቀድሞም ጥርስ መመርመር ይገባል።

ከሁሉም የሚበልጠው ደንብ ግን ይህ ነው፤ በሰውነቱ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ሳይሟላ ይህ መድኃኒት ለልጅ አይሰጥም። አፍራሾቹ ሲታገዱ ከአጥንት ወደ ደም የሚሄደው ካልሲየም ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያለው አስቀድሞ ትንሽ ከሆነ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። በዚህ ምክንያት ነገሩ ከስዊዘርላንድና ከካናዳ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ እኛ ግቢ ይገባል።

«እኛ በፀሐይ አገር እየኖርን ቫይታሚን ዲ እንዴት ያንሰናል?» ትሉ ይሆናል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለጎብኚዎች ሲያስተዋውቁ «የ13 ወር ፀጋ» ያሏት ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በአዳማና በአካባቢዋ በ174 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት 42 በመቶዎቹ ቫይታሚን ዲ እንደሚያንሳቸው አገኘ። ይበልጥ የሚያስደንቀው በከተማ ካሉት 61.8 በመቶ፣ በገጠር ካሉት ግን 21.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ነው። ፀሐይዋ አንዲት ናት፤ ልዩነቱ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ውጭ ሲውል የከተማው ልጅ በጣሪያ ሥር መዋሉ ነው።

ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ያሳዩት ደግሞ የራሳችን ሐኪሞች ናቸው። ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና የሥራ ጓደኞቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት በ1997 እ.ኤ.አ. ታተመ። በሳንባ ምች ከታመሙት 500 ሕፃናት 210ሩ አጥንታቸው በሪኬትስ የለሰለሰ ሲሆን፣ በሳንባ ምች ካልታመሙት 500 መካከል ግን እንዲህ ሆነው የተገኙት 20 ብቻ ነበሩ። የለሰለሰ አጥንት እግርን ማጉበጡ ብቻ አይደለም፤ የጎድን አጥንትን አላልቶ መተንፈስን ያውካል። የዚህ ሁሉ መነሻ ብዙ ጊዜ የእናት ፍቅር ነው። ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ሕፃኑ ተጠቅልሎ ከጨለማ ክፍል ይውላል። እናቲቱ ጠብቃዋለች፤ ግን ከሚያድነው ነገር ጭምር ነው የጠበቀችው።

ከዚህ በኋላ የነገሩ ቅደም ተከተል ግልጽ ይሆናል። የታመመ ልጅ አጥንት ዋነኛ መድኃኒት የበሽታውን እሳት ማጥፋት ነው፤ ብግነቱ ከበረደ አፍራሾቹም ይበርዳሉ። ሁለተኛው፣ ፕሬድኒሶሎን ካስፈለገ መጠኑ የሚያንስበትን መንገድ ከሐኪም ጋር መፈለግ ነው። ሦስተኛው ምግብና ፀሐይ፣ አራተኛው እንቅስቃሴ ነው። ቢስፎስፎኔት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለጥቂቶች የሚመጣ ነው። መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያ አይመታም።

በምግብ በኩል የጉራጌ አገር አልተበደለም። የጤፍ እህል በ100 ግራም 180 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 1,300 ሚሊግራም እንደሆነ ይመከራል። ቆጮም ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን ገንቢ ምግብ ስለሚያንሰው ብቻውን ለልጅ አይበቃም። እናቶቻችን ከጎመንና ከአይብ ጋር ማቅረባቸው ትልቅ ጥበብ ነው። ጉድለቱ የሚመጣው አይቡና ቅቤው ወደ ገበያ ሄዶ ለልጁ ደረቁ ቆጮ ብቻ ሲቀር ነው። እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ መራመድና ሐኪም የፈቀደው ጨዋታ አጥንትን ያጠነክራል፤ የጀርባ አጥንቱ የሳሳ ልጅ ግን ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን ሊሸከም አይገባውም።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል ልበል። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ ነው፤ ከጉራጌ የእንሰት ዓይነቶችም እንደ አስታራና ጓርዬ ያሉት ለተሰበረ ሰው አሚቾአቸው እየተቀቀለ ይሰጣል። ምግብ ነውና ይብላው፤ የአያቶቹን ፍቅርም ይቅመስበት። ነገር ግን በብግነት ያበጠ መገጣጠሚያ ወለምታ አይደለም፤ ቢታሽና ቢጎተት ይብስበታል። ውስጡ የሳሳ አጥንት ደግሞ ለመጠገን በተዘረጋ እጅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሳይወድቅ ያበጠ፣ ወይም ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት ያለበት ልጅ አስቀድሞ የሚቀርበው ወደ ሐኪም ነው። በአካባቢያችን እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የአጣጥ ሆስፒታል አለ፤ በወልቂጤና በቡታጅራም የመንግሥት ሕክምና አለ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ከወልቂጤ እስከ አዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱም ሪፈራል ወረቀት ተይዞ እንጂ በግምት አይኬድም።

ሐኪም ዘንድ የምትቀርቡ ሰዎች እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የልጁ በሽታ አሁን በርዷልን? የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ሊቀነስ ይችላልን? ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ይጨመርለትን? ጀርባውን ራጅ ማንሣት ያስፈልጋልን? የአጥንት ማጠንከሪያው መድኃኒት ጉዳይ ከእነዚህ መልሶች በኋላ ራሱ ይመጣል፤ ወይም ጭራሽ አያስፈልግም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። አንድ ሰው አዋቂ ሲሆን ከሚኖረው አጥንት ሩብ ያህሉ የሚከማቸው በጉርምስና ፈጥኖ በሚያድግባቸው ሁለት ዓመታት ነው። ዛሬ ያላስቀመጣችሁትን በኋላ አታገኙትም። እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች፣ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስትገቡ ዘመድ ሁሉ ሊቀበላችሁ ይወጣል። ያን ጊዜ ከሚሮጡት ልጆች ኋላ የቀረ፣ በጧት ከምድጃው አጠገብ ጉልበቱን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ካያችሁ፣ «ይህ ሰነፍ» ሲሉት ዝም አትበሉ። እናቱን ለብቻ ጠርታችሁ፣ «እትዬ፣ ይህ ልጅ ጧት ጧት ይተሳሰራልን? ስንት ጊዜው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለክትፎው ካሰባችሁት ገንዘብ ጥቂቱን ለመሳፈሪያው አውሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።